በይስማ ንጉሥ የተፈረመው፣ በዓድዋ ያልተመለሰው

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ አምባሰል ወረዳ ሲገባ ውጫሌ ከተማ ይደርሳል። በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጽ ያለውን ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት እዚህ ነው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የስፍራው ስም ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ሁልጊዜ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ በተለያየበት በአንቀጽ 17 ብቻ ነው። ንጉሡ ተታለሉ፣ ቆይተው ነቁ፣ ዘመቱ፣ ድል አደረጉ። ልጆቻችን የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ይሁን እንጂ ታሪኩ እንዲህ ሲያጥር ንጉሡም ይጎዳሉ፣ ያን ዘመን በረኀብ ያሳለፈው የአምባሰል ሰውም ይጎዳል፣ ከመረብ ማዶ የቀረው ወገንም ይጎዳል። ስለዚህ በምኒልክ የጭንቅ ዘመን አመራር ላይ ይህ መጽሔት ያለውን ፍርድ ዛሬ ሳይሸፋፍን ይናገራል።

ምኒልክ በይስማ ንጉሥ የተታለሉበት ነገር እንዳለ ሁሉ ዐውቀው የሰጡትም ነገር አለ። የሰጡት ደግሞ ሰው የሚኖርበት አገር ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰባት ዓመታት ያሳዩት ትዕግሥት፣ ብልሃትና ከሕዝብ ችግር ያለመራቅ ግን በነገሥታታችን ታሪክ ውስጥ አቻው ጥቂት ነው። የምናከብራቸው ስለ እነዚያ ሰባት ዓመታት ነው፤ ዓድዋ የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ ናት። የምንወቅሳቸው ደግሞ ስለ አንቀጽ 3 ነው።

የ1881 ዓ.ምን ሁኔታ እናስታውስ። መጋቢት መባቻ ላይ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ሲሞቱም ራስ መንገሻን ወራሼ ብለው ነበር። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ የደረሰበትን ሽንፈትም አልረሳም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በበኩላቸው ከዚሁ ከጣሊያን ጋር ቀድሞውኑ ይላላኩ ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት 5000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። ዙፋኑ ባዶ ነው፣ ተፎካካሪ አለ፣ የባሕሩ በር በባዕድ እጅ ነው። ምኒልክ የፈለጉት ንጉሠ ነገሥትነታቸውን የሚያውቅላቸው መንግሥትና መሣሪያ የሚገባበት መንገድ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለቱንም የሚሰጥ የሚመስል ወረቀት አምባሰል ላይ ቀረበላቸው።

ዋጋው አንቀጽ 3 ላይ ተጽፏል። አራፋሊ፣ ሐላይ፣ ሰገነይቲ፣ አስመራ ወደ ጣሊያን ይሁኑ ይላል። ወረድ ብሎ አዲ ነፋስንና አዲ ዮሐንስን ይጠራና ከዚያ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። አንቀጽ 4 ደግሞ የደብረ ቢዘን ገዳም ከነርስቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ንብረት ሆኖ እንዲቆይ ያስቀራል። ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ የምኒልክ ወገን ስለ ቦታው ሳያውቅ አልፈረመም። አንድ ገዳም በስሙ ተለይቶ ሲተርፍ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ተላልፎ ተሰጥቷል። በዚህ አንቀጽ ላይ በአስተርጓሚው በግራዝማች ዮሴፍ ማሳበብም አይቻልም፤ የአማርኛውም የጣሊያንኛውም ቅጂ አገሩን ሰጥቷል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የጣሊያን ጦር በሦስት ወር ገደማ፣ በሐምሌ ማብቂያ፣ አስመራ ገባ። ራስ መኰንን ወደ ጣሊያን ተልከው በመስከረም 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ተፈረመ። 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተሰጠ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ሆነ። ወሰኑም በጊዜው በእጅ የተያዘውን መሠረት ያደርጋል ተባለ፤ ይህ ለሚገሰግስ ጦር መንገድ መክፈት ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ነገሡ። ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ቢያስታውቁ ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ ጉዳያችሁ በጣሊያን በኩል ይምጣ የሚል ሆነ። አንቀጽ 17 የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ግን አገሩ ሌላ እሳት ውስጥ ነበረ፤ በእኛ እምነት የምኒልክ መለኪያ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

የከብቱ እልቂት በምጽዋ በኩል የገባው በ1880 ዓ.ም. ነው። ለጣሊያን ጦር ቀለብ ከባሕር ማዶ የመጡ ከብቶች ይዘውት የመጡት ደስታ የሚባለው በሽታ ነበር። ዓለም ከዚህ በሽታ ነፃ ሆነች ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን መድኃኒት ቀርቶ መንሥኤውን የሚያውቅ አልነበረም። ከትግራይ ወሎን፣ ከወሎ ሸዋን አዳረሰ። ከአገሩ ከብት የተረፈው ከአሥር አንድ ነው ይባላል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ፤ ፈንጣጣና ኮሌራ መጡ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ይህን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ጠራው።

በአምባሰል ተዳፋት ላይ የሚያርስ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ መቀናጆ ገብቶ ይወጣዋል፤ ጎረቤቱም በሬ ከሌለው ሞፈርና ቀንበሩ ከግድግዳ አይወርድም። ጤፍ ደጋግመው ካላረሱለት፣ አለስልሰው ካልዘሩት አያበቅልም። ዝናቡ መጥቶ፣ ዘሩ በጎታ ኖሮ፣ መሬቱ ሳይታረስ ያልፋል፤ ከዚያ ዘሩ ይበላል። ክፉ ቀን ገዳይ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሰማዩ ቢታረቅም ማረሻውን የሚጎትት አልነበረም።

ምኒልክ በዚህ ጊዜ ምን አደረጉ? የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ከፍተው የተራበውን አበሉ። በሬ ያለቀበት ሰው በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ አዘዙ፤ ትእዛዙን ሰጥተውም አልተቀመጡም። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪክ እንደሚለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፣ መኳንንቱም ተከተሏቸው። በዚያ ዘመን አፈር መቆፈር ለመኳንንት ነውር ነበር። ይህን ነውር ንጉሠ ነገሥቱ በአደባባይ ሲሽሩት አዋጅ ከሚያደርገው የበለጠ ሥራ ሠራ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ አስራት ደንግገው ወታደሩ በገበሬ ቤት እየተመራ የሚበላበትን ልማድ ለመግታት ሞከሩ። ሙከራው በሁሉም ቦታ አልሰመረም፤ የጦር መንገድ ላይ የሚኖረው የወሎ ገበሬ ከዚያ በኋላም ብዙ ሠራዊት አብልቷል። ሆኖም የአገር ጦር የሚያርሰውን ሰው እየበላ እንደማይቆም የገባቸው መሪ ነበሩ።

ይህ ባይሆን ዓድዋ ባልኖረች ነበር። በ1882 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ዘምተው መቀሌ ደርሰው የራስ መንገሻን መገዛት ተቀብለው ተመለሱ፤ መረብን አልተሻገሩም። ለምን ተመለሱ ብለው የሚወቅሷቸው አሉ። እኛ አንወቅሳቸውም። የተራበ ጦር በተራበ አገር ላይ ይዞ መዋጋት ሕዝብን ሁለት ጊዜ መግደል ነው። ይልቅ የመረጡት የወረቀቱን ስሕተት በወረቀት መታገል ነበር። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው አንቀጽ 17ን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ ሲከራከር እቴጌ ጣይቱ ፊት ለፊት መለሱለት፤ ከቤተ መንግሥቱ የጠራ አቋም ከመጀመሪያ የነበራቸው እርሳቸው ነበሩ፤ ያም በታሪካችን ተገቢውን ቦታ አላገኘም። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአውሮፓ መንግሥታት ተላከ። ውሉ ራሱ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ተሰጥቶ፣ ማሻሻል ይቻላል የሚል አንቀጽ ነበረበት፤ አንቀጽ 16። ምኒልክ ቀኑን ቆጠሩ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉ ከሚያዝያ 1886 ዓ.ም. ጀምሮ እንደማይጸና ለዓለም አስታወቁ። ተበደልኩ የሚል ንጉሥ እንዲህ ዐይነት ሥርዓት ጠብቆ፣ ባላጋራው በፈረመበት አንቀጽ ገብቶ ከውል ሲወጣ በዚያ ዘመን አፍሪካ ውስጥ አልተለመደም።

እስከዚያው ጠመንጃ ይገዙ ነበር፤ ከፈረንሳይም ከሩሲያም ጋር ወዳጅነት ይፈልጉ ነበር። ራስ መንገሻ ከጣሊያን ጋር ተላልከው ኖሮ በ1886 ዓ.ም. ድንጋይ ተሸክመው አዲስ አበባ ሲገቡ ማሯቸው። ይህ ምሕረት ባይኖር የትግራይ ጦር ዓድዋ ላይ ከማን ጋር ይሰለፍ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት ሲታወጅ የሸዋ ሠራዊት መገናኛ ወረኢሉ ነበር። የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ተጨመረ። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ፣ ከዚያ መቀሌ፣ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ። የጦርነቱን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል፤ አንደግመውም።

የምንቆምበት ከድሉ ማግሥት ነው።

ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት መካከል የመረብ ማዶ ተወላጅ የሆኑ አስካሪዎች ነበሩ። ነጮቹ ምርኮኞች ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ሲቀለቡ የእነዚህ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆረጠ። ክሱ በአገራችሁ ላይ ከዳችሁ የሚል ነበር። ይህን ስናነብ አንቀጽ 3 ይታወሰናል። ከሰባት ዓመት በፊት የእነዚህን ሰዎች መንደር በውል ለጣሊያን የሰጠው ማን ነበር? ሰገነይቲ በአንቀጹ ውስጥ በስሟ ተጠርታለች። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ጣሊያን የገበሬውን መሬት ሲነጥቅ ተነሥቶ በጦር ሜዳ የሞተው ባሕታ ሐጎስ የዚያችው የሰገነይቲ ሰው ነው። ተላልፎ ከተሰጠው አገር አንዱ በጣሊያን ላይ ዐመፀ፣ ሌላው የጣሊያንን ደመወዝ በላ፤ ሁለቱም የወደቁት አሳልፎ በሰጣቸው ውል ሥር ነው። ፍርዱን ያጸኑት መኳንንቱና ካህናቱ ናቸው፣ ንጉሡ አልፈለጉትም ነበር የሚል አለ። ሆኖም ማኅተሙ የንጉሠ ነገሥቱ ነው። ይህ መጽሔት የአስካሪዎቹን ቅጣት በምኒልክ ዘመን ከተፈጸሙት ከባድ ስሕተቶች መካከል ይቆጥረዋል።

ከድሉ በኋላ ለምን ወደ አስመራ አልገሰገሱም የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልቀዘቀዘም። የሠራዊቱ ስንቅ አልቆ ነበር፣ ከጣሊያን አዲስ ጦር ይገባ ነበር፣ ክረምቱም ሩቅ አልነበረም። ጦር መሪ ሆነን ብንቆም እኛም መመለሱን እንመክር ይሆናል። የሚከብደን የተፈረመው ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አስታወቀ፤ በ1892 ዓ.ም. ደግሞ የመረብ፣ የበለሳና የሙና ወሰን በውል ጸና። አንቀጽ 17 ሙሉ በሙሉ ተሻረ። አንቀጽ 3 ግን በሌላ ስም ቀጠለ፤ እንዲያውም ወሰኑ ከፊተኛው ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር። በደም የተገኘ ድል የንጉሡን ክብር ሙሉ አድርጎ መለሰ፤ ሰገነይቲ የምትገኝበትን የአካለ ጉዛይን ገበሬ አልመለሰም። ከዚያ በኋላ በመረብ ወዲህና ማዶ ባሉት ወገኖች መካከል የፈሰሰውን ደም ለሚያስብ ሰው ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

ሌላም ዕዳ አለ። የዓድዋ ጠመንጃ የተገዛበት የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ወርቅ በአብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ መጣ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ፣ በአርሲ ለዓመታት በቆየው ዘመቻ፣ በ1887 ዓ.ም. በወላይታ የሆነው የሚዘነጋ አይደለም። ወላይታ ላይ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ከብቱ በገፍ ተነዳ፣ ሰው ለባርነት ተወሰደ። ክፉ ቀን የሰሜኑን በሬ ሲጨርስ የደቡቡ በሬ በጦር መጣ። የምኒልክን ደግነት በእንጦጦ ጎተራ የሚለካ ሰው በወላይታ ሜዳም ሊለካው ግድ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ፍርድ አይሆንም።

ወሎም የራሷ ሒሳብ አላት። ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ እስር ሲያመልጡ የተቀበለቻቸው የወሎዋ ገዢ ወይዘሮ ወርቂት ናት። ልጇ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ሳለ እንግዳውን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ልጇም በዚያው ተገደለ። የምኒልክ መንግሥት ከመጀመሪያው የቆመው በአንዲት ወሎየ እናት መሥዋዕትነት ላይ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ግን የወሎ ሙስሊም ወይ ተጠመቅ ወይ ልቀቅ ሲባል የሸዋው ንጉሥ ከዐፄ ዮሐንስ ጎን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ወዲህ ግዳጁ ላልቷል፤ ይህ በጎነታቸው ነው፤ የፊተኛውን ግን አይሽረውም። ውርሱም ያረፈው በወሎ ላይ ነው። በሕመማቸው ጊዜ አልጋ ወራሽ ያደረጉት የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ፣ የራስ ሚካኤልን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን ነበር። ለዚያ ወራሽ የሚቆም ጽኑ ሥርዓት ግን አልተዉም። ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የወሎ ሠራዊት ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ቆጥረን ስናበቃ ለምን አሁንም ከፍ ባለ ቦታ እናስቀምጣቸዋለን? መልሱን የሰጠን ይኸው የእኛው አገር ነው። ሐይቅና አምባሰል ከክፉ ቀን በኋላ ሁለት ታላላቅ ረኀብ አይተዋል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በደሴ መንገድ ላይ ሲወድቅ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ዝምታን መረጠ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ለሕዝብ ማሳየት ነበረባቸው፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለንደን ላይ ሲታይ ነው ዓለም የሰማው። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት ከዚያ ወዲያ ነው። ያም ዝምታ ዙፋኑን ይዞት ሄደ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በድምቀት ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው በየቀኑ ይቀበር ነበር። ቀጥሎ የመጣው ሰፈራ ከወሎ ብዙ ሺህ ቤተሰብ፣ ብዙውን ያለፈቃዱ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል አጓዘ። ሁለቱም መንግሥታት ከምኒልክ የተሻለ መንገድ፣ ስልክ፣ አውሮፕላንና የተማረ ሰው ነበራቸው። የጎደላቸው ረኀቡን ረኀብ ብሎ መጥራት ነበር። ምኒልክ ያን አላፈሩበትም። ዶማ ይዘው ሲወጡ አገሩ ሁሉ ንጉሡም ተቸግረዋል ብሎ አየ፤ የሚታይ ችግር ደግሞ የሚረዳው አያጣም። እኛ ታላቅ የምንለው ይህን ነው።

በይስማ ንጉሥ የሚደረገው የመታሰቢያ ሥራ ይህን ሁሉ መሸከም አለበት። አንቀጽ 17 ከሚቀመጥበት ሰሌዳ አጠገብ አንቀጽ 3ና 4 ሙሉ ቃላቸው በጉልህ ይጻፍ። የክፉ ቀን ታሪክ ከውሉ ታሪክ ተነጥሎ አይነገር፤ ውሉ የተፈረመው ከብት እያለቀ ባለበት ዓመት ነውና። የባሕታ ሐጎስ ስም በዚያ ግቢ ይኑር፤ የተቆረጡት አስካሪዎች ነገርም አይታለፍ። ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጃቸው የታሪክ መጻሕፍትም ከዚህ ያነሰ አይበቃቸውም፤ የወላይታ ልጅና የአምባሰል ልጅ በአንድ መጽሐፍ ሲማሩ ሁለቱም የአያቶቻቸውን ነገር ማግኘት አለባቸው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደርና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁራን በዚህ ላይ አብረው እንዲቀመጡ እንጠይቃለን። በመጪው የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የድሉ ዜማ ከመሰማቱ በፊት ውጫሌ ላይ ውሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሕዝብ ይነበብ፤ አራፋሊ፣ ሐላይ፣ ሰገነይቲ፣ አስመራ የሚለውም ሳይዘለል።